ወይፈን «መስበር» ወይስ መግራት? እንስሳትን ስለ ማላመድና ስለ ማሠልጠን የሚናገሩ የእንግሊዝኛ ቃላት አተረጓጎም

የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስለ እርሻ በሬ አያያዝ ከሚደርሷቸው ጽሑፎች ብዙዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ወደ አማርኛ ሲመለሱ ስለ መኖ፣ ስለ ክትባትና ስለ በሽታ የሚናገረው ክፍል ያን ያህል አያስቸግርም። «ቫክሲን» ክትባት ነው፤ ከዚህ ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም። እንስሳን አላምዶ ለሥራ ስለ ማዘጋጀት የሚናገረው ክፍል ግን ከዚህ ይለያል። በዚህ ጉዳይ እንግሊዝኛው ብዙ ቃላት አሉት፤ አማርኛውም እንዲሁ። ነገር ግን የአንዱ ቃል ወሰን ከሌላው ወሰን ጋር ልክ አይገጥምም። ከዚህም የተነሣ አንድ ቃል ተሳስቶ ሲተረጎም ስሕተቱ በወረቀት ላይ አይቀርም፤ ወደ ከብቱ ጫንቃ ይወርዳል።

ይህን የምንለው ከራሳችን ጥፋት ተነሥተን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የደጋ ወረዳ ለኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ስለ ወይፈን አሠለጣጠን የሦስት ቀን ትምህርት እንድንሰጥ ተጠየቅን። ጊዜ ስላጠረን አንድ የእንግሊዝኛ መመሪያ በአንድ ሌሊት ተርጉመን፣ አባዝተን ሄድን። መመሪያው እንስሳው ለቀንበር «ብሬክ» መደረግ እንዳለበት ይናገራል። ቃሉ በየዕለቱ የምናየው ነውና ሳናመነታ «ወይፈኑ በቀንበር ሥር እስኪሰበር ድረስ ሥራው መቋረጥ የለበትም» ብለን ጻፍነው። ከአባላቱ አንዱ፣ የተባለውን ሁሉ አክብሮ የሚፈጽም ትጉህ ገበሬ፣ ወይፈኑን ከብርቱ በሬ ጋር ጠምዶ ከማለዳ እስከ ተሲያት ሳይፈታ አዋለው። በሁለተኛው ቀን ወይፈኑ በትልሙ መካከል ተኛ። ተደበደበ፤ ጅራቱ ተጠመዘዘ፤ አልተነሣም። ቀንበሩ ሲወርድለት ግን ብድግ ብሎ ወደ ሣር ሄደ። በሦስተኛው ቀን ገና ሞፈሩ ሳይታሰር ተኛ።

ልናየው በሄድን ጊዜ በአጥሩ ጥግ ቆመው ይመለከቱ የነበሩ አንድ አዛውንት፣ «ልጆቼ፣ ከብቱንማ አስተምራችሁታል። መተኛትን ነው ያስተማራችሁት» አሉን። ወይፈኑ ከዚያ ወዲያ ለእርሻ አልሆነም፤ ለሥጋ ተሸጠ። ባለቤቱ በሬው አንድ ብቻ ነበር፤ ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ነበር የሚያርሰው። ያን ወይፈን ያሠለጥን የነበረውም ከመቀናጆ ለመውጣት ነበር። በዚያ ዓመትም በመቀናጆ እንደታሰረ ቀረ።

አዛውንቱ የተናገሩት ነገር በእንግሊዝኛ የሥልጠና መጻሕፍት ውስጥ ረጅም ስም ያለው ትምህርት ሆኖ እናገኘዋለን። ወደ ኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን የቃላቱን ተራ እንይ።

ቤት መወለድ ለማዳ አያደርግም

እንግሊዝኛው ሦስት ነገሮችን በሦስት ቃላት ይለያል። እነርሱም «ዶሜስቲኬት»፣ «ቴም» እና «ትሬይን» ናቸው። በአማርኛ ትርጉሞች ሦስቱም ብዙ ጊዜ «ማላመድ» ተብለው ይታለፋሉ።

«ዶሜስቲኬት» የሚለው ቃል ሥሩ በላቲን ቤት ማለት ነው፤ እኛም «የቤት እንስሳ» የምንለው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ቃሉ የሚናገረው ግን ስለ አንድ ከብት ሳይሆን ስለ ዘሩ ሁሉ ነው። ሰው የዱር ከብትን ወደ ቤት ማምጣት የጀመረው የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ ነው። የከብቶቻችን የሩቅ ዘመድ የነበረው «ኦሮክስ» የተባለው የዱር ከብት ራሱ ከምድር ጠፍቷል፤ የመጨረሻዋ እንስት እ.ኤ.አ. በ1627 በፖላንድ ሞተች። ይህ ዓይነቱ ለውጥ በመወለድ የሚተላለፍ እንጂ በአንድ ከብት ዕድሜ የሚፈጸም አይደለም። ዲሚትሪ ቤልያየቭ የተባለው የሶቪየት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1959 በሳይቤሪያ የጀመረው የቀበሮ ሙከራ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ቀበሮዎቹ ምንም ሥልጠና አልተሰጣቸውም። በየትውልዱ ሰውን የማይፈሩት ብቻ እየተመረጡ እንዲራቡ ተደረገ፤ ከብዙ ትውልድ በኋላ እንደ ውሻ ጅራታቸውን እየቆሉ ወደ ሰው የሚመጡ ቀበሮዎች ተገኙ።

«ቴም» ግን ስለ አንድ እንስሳ ነው የሚናገረው። አንድ እንስሳ ሰውን መፍራት ሲተው ለማዳ ሆነ እንላለን። በበርማ ደን ግንድ ሲጎትቱ ከኖሩት ዝሆኖች ብዙዎቹ በዱር ተወልደው የተያዙ ነበሩ። ለማዳ ናቸው፣ የሠለጠኑም ናቸው፤ ዘራቸው ግን የዱር ዘር ነው። በአገራችን ደግሞ ጥርኝ አለ። በጅማ፣ በከፋና በወለጋ አካባቢ ለዝባዱ ሲባል ከዱር ተጠምዶ በቀፎ ውስጥ ይያዛል፤ ይመገባል፤ ዝባዱ በየጊዜው ይወሰዳል። ሆኖም ጥርኙ ለማዳ አይደለም፣ የቤት እንስሳም አይደለም፤ የተያዘ እንስሳ ነው። አንድ ጽሑፍ ስለ ጥርኝ ሲናገር «ካፕቲቭ» የሚል ቃል ቢያጋጥማችሁ «የቤት ጥርኝ» ብላችሁ አትመልሱት።

ይህ ሁሉ ለወይፈን ምን ይጠቅማል ቢሉ፣ ብዙ ይጠቅማል። ወይፈናችን የቤት እንስሳ ዘር ነው፤ ለማዳ መሆኑ ግን የተረጋገጠ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከመንጋ ጋር በመስክ ውሎ፣ ከእረኛው ድንጋይና ጩኸት በስተቀር ከሰው ያገኘው ነገር ከሌለ፣ በእጅ ሲነካ እንደ ዱር አውሬ ይደነግጣል። በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ ለበሬ አሠልጣኞች የተጻፉ መመሪያዎች ደግሞ ጥጃው ገና የጥቂት ሳምንት ሳለ በልጆች እጅ እየታሸ፣ በገመድ እየተመራ እንዳደገ ቆጥረው ነው የሚጀምሩት። ስለዚህ መመሪያው «በመጀመሪያው ትምህርት ቀንበሩን አልብሱት» ቢል ከዚያ በፊት ያለፈውን አንድ ዓመት ሳይናገር አልፎታል ማለት ነው። የእኛ ተርጓሚ ይህን ካልጨመረ ገበሬው በመስክ ያደገውን ወይፈን በአንድ ቀን ከመያዝ ወደ ቀንበር ያሻግረዋል።

የመግራት ቃል

ወደ «ብሬክ» እንመለስ። በእርግጥ ቃሉ ሰበረ ማለት ነው። ለፈረስና ለበሬ ሲነገር ግን ከብቱን ራሱን መስበር ማለት አይደለም፤ ዱር ዱር የሚያሰኘውን ልማድ አስትቶ ለሥራ ማለማመድ ማለት ነው። እንግሊዞች ይህንኑ ቃል «ኢን» የሚል ቅጥያ ጨምረው ስለ አዲስ ጫማም ስለ አዲስ ሞተርም ይናገሩበታል። አዲስ ጫማ እስኪላመድ ጥቂት ጥቂት ይደረጋል እንጂ በመጀመሪያው ቀን ረጅም መንገድ አይኬድበትም። የማኅበራት የትራክተር ሾፌሮችም ይህን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል፤ አዲስ ሞተር ሮዳጅ ላይ ሳለ ሙሉ ጭነት አይጫንበትም፤ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ለአጭር ጊዜ፣ እየቀዘቀዘ ይሠራል። «ብሬክ ኢን» ይህ ነው። ያን ቀን ትርጉሙን ከአንድ ሾፌር ብንጠይቅ ኖሮ ከመዝገበ ቃላቱ የተሻለ መልስ እናገኝ ነበር።

በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ዘንድም በቃሉ ላይ ቅሬታ ያላቸው ስላሉ በእርሱ ፈንታ «ጀንትል» የሚለውን እንደ ግሥ ይጠቀማሉ። ጨዋ፣ ለስላሳ ማድረግ ማለት ነው። በእኛ አስተያየት የአማርኛው «መግራት» ከ«ብሬክ» ይልቅ ወደዚህ ይቀርባል። ገራ ስንል ገርና ገራም የሚሉትን ቃላት አብረን እንሰማለንና። የከብቱን ቅስም መስበር በአማርኛም ቢሆን ምስጋና አይደለም። ስለሆነም «ብሬክ» ሲያጋጥም «መግራት»፣ ለቀንበር ከሆነም «ለቀንበር ማስለመድ» ብሎ መመለስ ይገባል።

የዚህ ቃል ዘመዶችም ያሳስታሉ። «ግሪን ብሮክ» የተባለ ከብት አረንጓዴም የተሰበረም አይደለም፤ መገራት የጀመረ፣ ገና ጥሬ የሆነ ነው። «ሃልተር ብሮክ» ማለት በልባብ መመራትን የለመደ ማለት ነው። ልባብ እንላለን እንጂ ልጓም አንልም፤ «ሃልተር» አፍ ውስጥ የሚገባ ብረት የለውም። «ብሮክ» ብቻውን ስለ ሰው ሲነገር ደግሞ ኪሱ ባዶ ሆነ ማለት ነው። በሬውን እንደዚያ ያሠለጠነ ገበሬም መጨረሻው ወደዚያው ነው።

ከመጎተት የተወለዱ ቃላት

«ትሬይን» ማሠልጠን ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። ቃሉ ከጥንት መጎተት ከሚል የላቲን ሥር የመጣ ነው፤ ባቡርም በእንግሊዝኛ «ትሬይን» የተባለው ተከታትለው የሚጎተቱ ፉርጎዎች ስለሆኑ ነው። ትራክተርም የዚሁ ሥር ልጅ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የምናነበው «ማኔጀር» ደግሞ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ይነገር የነበረው ፈረስን በእጅ ይዞ ስለ ማሠልጠን ነበር።

የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው «ድራፍት» ነው። «ድራፍት አኒማል» የሚለው «ረቂቅ እንስሳ» ተብሎ ተተርጉሞ አይተናል። ረቂቅ ደብዳቤም ድራፍት ነው፤ በከተማ በብርጭቆ የሚቀዳው ቢራም ድራፍት ነው፤ ሁሉም መሳብ ከሚለው ግሥ የመጡ ናቸው። ቢራው ከበርሜል ይሳባል፣ ረቂቁ በብዕር ይሳላል፣ በሬው ሞፈር ይስባል። ስለዚህ «ድራፍት አኒማል» የጉልበት ከብት፣ የሚጎትት ከብት ነው። በሬ ብቻም አይደለም። በሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከል ዲቃላ የወተት ላሞች ቀንበር እንዲጎትቱ ተደርጎ ጥናት ተካሂዶባቸዋል፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ጽሑፍም እነዚያን ላሞች በዚሁ ስም ነው የሚጠራቸው።

«ስቲር» እና «ኦክስ» የሚሉትንም በዕድሜ መለየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ የበሬ አሠልጣኞች ዘንድ የተኮላሸ ወንድ ከብት እስከ አራት ዓመቱ «ስቲር» ነው፤ ሥራ ለምዶ ከአራት ዓመት ካለፈ «ኦክስ» ይባላል። ሁለቱም የተኮላሹ ናቸው። የእኛ ገበሬ ግን በብዙ አካባቢ ወይፈኑን ሳያኮላሽ ጠምዶ ጥቂት ዓመታት ካረሰበት በኋላ ነው የሚያኮላሸው። ስለዚህ ለ«ስቲር» የተጻፈውን የሥልጠና ሥርዓት ላልተኮላሸ ወይፈን ሲነግሩ፣ መጽሐፉ ያላሰበው የጉልበትና የቁጣ ኃይል እንዳለ መዘንጋት የለበትም። በተለይ ሁለት ያልተኮላሹ ወይፈኖችን በአንድ ቀንበር ማስጀመር አይመከርም። አንዱ ወገን የሠለጠነ፣ እርጋታ ያለው በሬ ይሁን፤ ይህ የእኛ አባቶች ልማድ ነው፤ በመጻሕፍቱም የተደገፈ ነው።

መቀነስ ቅጣት አይደለም

አሁን አዛውንቱ ወደ ተናገሩት እንምጣ። በሥልጠና መጻሕፍት ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው «ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት» የሚለው አነጋገር ነው። «ሪኢንፎርስመንት» ማጠናከር ነው፤ እንስሳው ያደረገውን ነገር ደግሞ እንዲያደርገው የሚያጠናክር ማለት ነው። «ኔጌቲቭ» ደግሞ ብዙ ጊዜ መጥፎ እየተባለ ይተረጎማል። ስለዚህ ተርጓሚው ሁለቱን ገጥሞ «ቅጣት» ይላል። ይህ ፍጹም ስሕተት ነው።

ቃላቱን በዚህ መልክ ያሠራጨው አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ነው። በእርሱ አጠቃቀም «ፖዚቲቭ» እና «ኔጌቲቭ» የሒሳብ ምልክቶች ናቸው፤ መደመርና መቀነስ። ጥሩና መጥፎ ማለት አይደሉም። ወይፈኑ አንድ እርምጃ ሲራመድ ጥቂት ጨው በመዳፍ ብንሰጠው፣ አንድ ነገር ጨመርን፤ መራመዱም ተጠናከረ። ይህ በመጨመር ማጠናከር ነው። ገመዱን ቀስ ብለን ወጠር አድርገን፣ ወይፈኑ አንድ እርምጃ በተራመደ ቅጽበት ገመዱን ብናላላው፣ አንድ ነገር ቀነስን፤ መራመዱ አሁንም ተጠናከረ። ይህ በመቀነስ ማጠናከር ነው። ቅጣት ግን ሌላ ነው። ቅጣት አንድን ነገር እንዲተው ለማድረግ ነው የሚሰጠው፤ ምን ማድረግ እንዳለበት ለከብቱ አይነግረውም።

ይህን ልዩነት ያለ አንዳች የውጭ ቃል በማኅበር አባላት ፊት ማሳየት ይቻላል። አንድ ሰው ገመድ በእጁ ይያዝና ሌላው ይሳበው። የተሳበው ሰው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲራመድ ሳቢው ወዲያው ያላላለት። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደገም የተያዘው ሰው ገና ገመዱ ሲወጠር መራመድ ይጀምራል። ከዚያ ቀጥሎ ሳቢው ቢራመድም ባይራመድም ሳያቋርጥ ይሳብ። የተያዘው ሰው ሳያውቀው እግሩን ተክሎ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ወይፈኑም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ያስተማረው መወጠሩ ሳይሆን መላላቱ ነው።

በእኛ ጥፋት የተበላሸውን ወይፈን በዚህ ዓይን ስናየው ነገሩ ሁሉ ግልጽ ይሆናል። ሲራመድ የሚያገኘው ምንም ዕረፍት አልነበረም። ሲቆም ተመታ፤ ሲራመድም ተመታ። በመጨረሻ ተኛ፤ ቀንበሩም ወረደለት። መላላት ያገኘው በመተኛቱ ብቻ ስለሆነ መተኛት ተጠናከረ። በማግሥቱ ፈጠን ብሎ ተኛ። አዛውንቱ ስኪነርን አላነበቡም፤ በአንድ አረፍተ ነገር ግን ነገሩን ጨርሰውታል።

ከዚህ የሚከተሉ ጥቂት የሥራ ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። መላላቱ ወይም ጨው መስጠቱ ከብቱ ትክክለኛውን ባደረገበት ቅጽበት መሆን አለበት። ገበሬው ኪሱን ሲዳብስ ወይፈኑ ዞሮ ቢቆም፣ ጨው የተሰጠው ለመዞሩ ይሆናል። ሁለተኛው የትምህርቱ ርዝመት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ፣ ግን በየዕለቱ የማይቋረጥ ይሁን፤ የሚፈታውም መልካም በሠራበት ጊዜ እንጂ ባመፀበት ጊዜ አይደለም። ሊተኛ የሚያሰጋ ከብት ካለ ከመድከሙ በፊት ይፈታ። ሦስተኛው የጅራፍ ነገር ነው። ጅራፍ አይያዝ አንልም፤ የእኛ አራሽ አንድ እጁ እርፍ ላይ፣ አንድ እጁ ጅራፍ ላይ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ድምፅ፣ ቀጥሎ ንክኪ፤ ከብቱ ሲታዘዝ ሁለቱም ዝም። ይህ ሲደጋገም ድምፁ ብቻ ይበቃል። ድምፁና ጅራፉ አንድ ላይ ከወረዱ ግን ከብቱ ድምፁን አይማርም፤ ጅራፉን ብቻ ይማራል።

ከተኛ ከብት ጋር ምን ይደረግ የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይቀርባል። ከተቻለ ቀንበሩ ሳይወርድ፣ ሳይደበደብ፣ ጓደኛው በሬ ቆሞ እንዲጠብቅ ተደርጎ ይታገሡት። ሲነሣ ሁለት እርምጃ ብቻ አስኪዶ መፍታት ነው። ሁለት እርምጃ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን የተፈታው በመቆሙና በመራመዱ ይሆናል። ታሞ ወይም አንገቱ ቆስሎ የተኛ እንዳይሆንም አስቀድሞ ማየት ይገባል፤ የቆሰለ ጫንቃ ያለውን ከብት ምንም ዓይነት ሥልጠና አያስነሣውም።

የቆሙበት ቦታ

«ፍላይት ዞን» የሚለውን ቃል አንዳንዱ ከአውሮፕላን ጋር ያገናኘዋል። «ፍላይት» እዚህ ላይ በረራ ሳይሆን መሸሽ ነው፤ የመሸሻ ክልል ልንለው እንችላለን። ሰው ከዚህ ርቀት ውስጥ ሲገባ ከብቱ ይንቀሳቀሳል፤ ሰው ሲወጣ ይቆማል። ለማዳ ከብት ይህ ክልል ጠባብ ነው፤ በጣም የለመደ ምንም የለውም። በከብት አያያዝ ትምህርት ስማቸው የታወቀው አሜሪካዊቷ ዶክተር ቴምፕል ግራንዲን ይህንና ከትከሻው ላይ የሚገኘውን የሚዛን ነጥብ በሰፊው አስተምረዋል። ሰው ከከብቱ ትከሻ በስተኋላ ከቆመ ከብቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከትከሻው ወደ ፊት ካለፈ ወደ ኋላ ይላል። ብዙ ድብደባ የሚደርሰው አንዱ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ መንገዱን ዘግቶ ሌላው ከኋላ ሲመታ ነው።

እዚህ ላይ በመጻሕፍቱና በእኛ አስተራረስ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በኒው ኢንግላንድ በሬ ነጂው የሚሄደው ከጥማዱ በስተግራ፣ በትከሻው ጎን ነው። በዚህም ምክንያት የግራውን በሬ «ኒር»፣ ቅርብ፣ የቀኙን «ኦፍ» ይሉታል። ተርጓሚው «የቅርቡ በሬ» እና «የጠፋው በሬ» ብሎ እንዳይጽፍ፤ የግራና የቀኝ ማለት ነው። የእኛ አራሽ ግን ከኋላ ነው የሚሄደው። በሬ ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ አንገቱን ሳያዞር ዙሪያውን ሁሉ ማለት ይቻላል ያያል፤ የማያየው ልክ ከኋላው ያለውን ነው። ስለሆነም የውጭው መመሪያ አበቃሁ በሚልበት ቦታ ለእኛ ገና አንድ ክፍል ይቀራል። በፊት ሆኖ የሚመራው ሰው ቀስ በቀስ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ታፋ፣ ከታፋ ወደ ኋላ ይሂድ፤ በየቦታው ጥቂት ቀን ይቆይ፤ ድምፁን ሳያቋርጥ። ወይፈኑ ከኋላው የሚመጣውን ድምፅ ያው የሚያውቀው ሰው መሆኑን ከተረዳ፣ በመጀመሪያ ቀላል ግንድ፣ ቀጥሎ ማረሻ ማስጎተት ይቻላል።

የትእዛዝ ቃላት በማኅበር

አሜሪካኖቹ ወደ ቀኝ ለመዞር «ጂ»፣ ወደ ግራ «ሆ»፣ ለመቆም «ዎ» ይላሉ። እነዚህ ቃላት በመመሪያው ውስጥ ስላሉ ብቻ ለአገራችን በሬ ማስተማር አያስፈልግም። በሬ እንግሊዝኛም አማርኛም አያውቅም፤ የሚያውቀው ድምፅና ከድምፁ በኋላ የሚሆነውን ነገር ነው። የሚያስፈልገው ቃሉ አጭር፣ ከሌላው ጋር የማይመሳሰል፣ ሁልጊዜም አንድ መሆኑ ነው።

በግል ይህ ቀላል ነው። በማኅበር ወይም በመቀናጆ ግን ችግር ያመጣል። የአራሹ ጥሪ ከአካባቢ አካባቢ፣ አንዳንዴም ከጎረቤት ጎረቤት ይለያያል። አንዱ «ቁም» ለማለት የሚያሰማው ድምፅ ለሌላው «ዙር» ማለት ሊሆን ይችላል። አንድ በሬ ሰኞ በአንዱ፣ ረቡዕ በሌላው እጅ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ ከተለያየ፣ እንቢ ያለ የሚመስለው በሬ እንቢ ማለቱ ሳይሆን ግራ መጋባቱ ነው። ከዚያ ጅራፍ ይከተላል። ስለዚህ በመቀናጆ የሚያርሱ ሰዎች ከሥልጠናው በፊት ተቀምጠው ለመሄድ፣ ለመቆም፣ ለመዞርና ወደ ኋላ ለማለት የሚጠቀሙባቸውን ድምፆች ይስማሙ። ጎኑም እንዲሁ ነው። በቀኝ የለመደ በሬ በግራ ሲጠመድ እንደ አዲስ ይሆናል፤ ጓደኛው ከታመመ በሁለቱም ጎን የለመደ በሬ ትልቅ ጥቅም አለው። ነጠላ በሬ ለሚጠምዱም ይህንኑ እናስታውሳለን። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የዓለም አቀፉ የአፍሪካ ከብት ማዕከል በነጠላ በሬ ማረስን በአገራችን ሞክሯል። ከጓደኛው ጋር የለመደ በሬ ብቻውን ሲጠመድ፣ ከጎኑ የሚደገፍበት ስለሚያጣ፣ ብቻውን መሄድን እንደገና መማር አለበት።

ማኅበሩ በሬ ሲገዛ ከዋጋውና ከጥርሱ ቀጥሎ ለሻጩ ሦስት ጥያቄዎች ይቅረቡለት፦ በየትኛው ጎን ለመደ፣ ለመቆም ምን ትለዋለህ፣ ለመሄድስ? ከተቻለ ሻጩ ራሱ ጠምዶ ሁለት ትልም ያሳይ፤ ገዢውም ድምፁን እንደሰማው በወረቀት ይጻፈው። ወረቀቱ ከበሬው ጋር ይሂድ።